ጤፍ በመዳፍ፣ ምስል በሚታወቅ ፊት

 

በገበያ ቀን ጤፍ የሚገዛ ሰው ምን እንደሚያደርግ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን አያምንም፤ እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ ይዘግናል። ከዳሱ ጥላ ወጣ ብሎ መዳፉን ፀሐይ ላይ ይዘረጋል። በጣቱ ይበትነዋል፣ እፍ ይለዋል፣ ጥቂት ፍሬ አፉ ውስጥ ጥሎ ያኝካል። ዋጋ የሚጠይቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሽንኩርት የሚጭን ነጋዴም አንገቱን ጫን ጫን አድርጎ ሳያይ፣ ማሾ የሚረከብ ሰውም ፍሬውን በመዳፉ ሳያንከባልል ገንዘብ አይቆጥርም። የይፋት ቆላ ሰው ዕቃ መመዘን ያውቃል።

ይኸው ሰው ሽንኩርቱን ሸጦ ቴሌቪዥን ሊገዛ ሲሄድ ግን ያ ሁሉ ጥንቃቄው ከገበያው በር ላይ ይቀራል። ሱቁ ውስጥ ከተደረደሩት መካከል በጣም የሚያበራውን ያመለክታል፤ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ያምናል፤ ከፍሎ ይወጣል። ይህ ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን አምኖ እንደመግዛት ነው። ገንዘቡ ደግሞ የአንድ መስኖ ወቅት ልፋት ሊሆን ይችላል።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ነው። የቴሌቪዥንን ምስል ለመመዘን የሚያስፈልገን ሚዛን በእጃችን ነው። እሱም አሳምረን የምናውቀው ፊት፣ የምናውቀው ልብስና የምናውቀው ማሳ ነው። ጥሩ ምስል የሚባለው የምናውቀውን ነገር እንደምናውቀው አድርጎ የሚያሳየን ነው።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ ቀድሞ ከእናቴ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ አዲስ ቴሌቪዥን ገዝቼ ወደ ቤት አመጣሁ። ሱቅ ውስጥ ሲያበራ ዓይኔን ማርኮኝ ነበር። ማታ ቤተሰቡ ተሰብስቦ የአንዲት ዘመዳችንን የሰርግ ቪዲዮ ከፈትኩ። ሁሉም ዝም ብሎ ሲያይ እናቴ ወደ ፊት ጠጋ ብላ “ምነው ልጄ፣ ልጅቷን አመማት እንዴ?” አለችኝ። ሙሽራዋ ጤነኛ ነበረች፤ ቪዲዮውም ደህና ነበር። ምስሉ ግን ፊቷን አመድማ ሰማያዊ አድርጎት፣ ከንፈሯን ደግሞ ከልክ በላይ አቅልቶት ነበር። እኔ ሱቁ ውስጥ ያደነቅሁትን ነገር እናቴ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጣለችው። ወደዚያ ምሽት ፍጻሜ በንግግሬ መጨረሻ እመለሳለሁ።

ቴሌቪዥን ስለ ቀለም ሊዋሸን የቻለው ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ለማየት ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዕለቱም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የተጫነበት 34ኛ ዓመት ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለ20 ዓመት ያህል ያየነው ጥቁርና ነጭ ምስል ነው። ቀለም የመጣው በ1976 ማብቂያና በ1977 ዓ.ም. መባቻ፣ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በተከበረበት ሰሞን ነው። በጥቁርና ነጩ ዘመን ተመልካቹ ቀለሙን ከራሱ ይጨምር ነበር፤ የጤፉን አረንጓዴ፣ የጥለቱን ቀይ ልቡ ይሞላው ነበር። ቴሌቪዥኑም ስለ ቀለም ሊዋሸን አይችልም ነበር። ባለቀለሙ ሲመጣ ያ ሥራ ከልባችን ወደ መሣሪያው ተዛወረ። የዛሬው ዘመናዊ ቴሌቪዥን ደግሞ ከዚያም አልፎ ምስሉን በራሱ ፈቃድ ያስተካክላል፤ ያደምቃል፣ ጠርዙን ያጎላል፣ ያለሰልሳል፣ የሌለ ምስል ፈጥሮ በመካከል ይሰካል። ስለዚህ ከአያቶቻችን ይልቅ እኛ ምስል መመዘንን ማወቅ ይኖርብናል።

ከሱቁ እንጀምር። ሱቅ ውስጥ ብዙ መብራት አለ፤ ከበሩም የውጭው ፀሐይ ይገባል። ቴሌቪዥኖቹ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ዓይናችን ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ሲያይ ደመቅ ያለውንና ወደ ሰማያዊ የሚያደላውን “ይሄ ይሻላል” የማለት ባሕርይ አለው። አምራቾች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ስለዚህ ለሱቅ የሚሆን ማስተካከያ አዘጋጅተዋል፤ በሜኑው ላይ “ቪቪድ” ወይም “ዳይናሚክ” ተብሎ ታገኙታላችሁ። ብርሃኑ እስከ ጥግ ይወጣል፣ ቀለሙ ከልክ ያልፋል፣ ነጩ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል።

ነጭ ምን ዓይነት ነጭ መሆን እንዳለበት ዓለም የተስማማበት ልክ አለ። በባለሙያዎች ዘንድ ዲ65 ይባላል፤ የቀን ብርሃንን የሚመስል፣ በኬልቪን ሲለካ ወደ 6,500 የሚጠጋ ነጭ ነው። ፊልም የሚያቀናብሩትም፣ ዜና የሚያሰራጩትም በዚህ ነጭ ላይ ተመሥርተው ነው ቀለም የሚያስተካክሉት። የሱቁ ማስተካከያ ከዚህ ልክ እጅግ ርቆ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። የእናቴ ጥያቄ የመጣው ከዚህ ነው፤ የሰው ፊት ላይ ሰማያዊ ሲጨመርበት የታመመ ይመስላል።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ሪሞቱን አንሡና የምስሉን ሞድ “ሙቪ”፣ “ሲኒማ” ወይም “ፊልምሜከር” የሚለው ላይ አድርጉት። የቀለሙን ሙቀት “ዋርም” በሉት። መጀመሪያ ሲታይ ቢጫ የሆነና የደበዘዘ ይመስላችኋል። ዓይናችሁ ሰማያዊውን ስለለመደ ነው። ሁለት ሦስት ምሽት ታግሣችሁ እዩት፤ ከዚያ ወደ ቀድሞው ብትመልሱት ራሳችሁ ትጠሉታላችሁ።

አሁን ወደ ምዘናው እንግባ። ለዚህ የሚሆን ምስል ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የጥምቀትን ወይም የኢድን ስርጭት ውሰዱ። በይፋት ሁለቱም በዓሎች የእኛው ናቸው፤ አንዱ የሚያከብረውን ሌላው ያውቀዋል። በጠራራ ፀሐይ ነጭ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ፣ ነጭ ጀለቢያ የለበሰ ሰጋጅ፣ በጥላና በድባብ ሥር የቆመ ጠይም ፊት አለ። ለቴሌቪዥን ከዚህ የከበደ ፈተና የለም፤ እጅግ ብሩህ የሆነውና እጅግ ጥቁር የሆነው በአንድ ምስል ውስጥ ተገናኝተዋልና።

በመጀመሪያ ነጩን ተመልከቱ። የነጠላው ድርና ማግ፣ የጀለቢያው እጥፋት ይታያል ወይስ ሁሉም አንድ ነጭ ወረቀት ሆኗል? ዝርዝሩ ከጠፋ “ኮንትራስት” የሚባለው ከመጠን በላይ ወጥቷል ማለት ነው። እጥፋቱ እስኪመለስ ድረስ ዝቅ አድርጉት። ዝቅ አድርጋችሁም ካልተመለሰ ጥፋቱ የቀረጸው ካሜራ ሊሆን ይችላልና ሌላ ምስል ሞክሩ። ቀጥሎ ጥለቱን እዩ። ቀዩ ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ነጩ ከፈሰሰ ቀለሙ በዝቷል።

ሁለተኛው ጥቁሩ ነው። ባለሙያዎች የምስል ጥራት ሲመዝኑ ብዙ ጊዜ ከሁሉ የሚያስቀድሙት ይህን ነው፤ ብሩህ የሚባለው ነገር ብሩህነቱ የሚታወቀው ከጎኑ ባለው ጨለማ ነውና። አብዛኛው ገበያ ላይ ያለ ቴሌቪዥን ኤልሲዲ ነው። ካርቶኑ ላይ “ኤልኢዲ” ቢባልም ኤልኢዲው ከጀርባ ያለው መብራት እንጂ ምስሉን የሚሠራው አይደለም። ከጀርባው ፋኖስ የተቀመጠበት መጋረጃ አስቡ፤ መጋረጃው ምን ቢወፍር ትንሽ ብርሃን ያሾልካል። ስለዚህ የኤልሲዲ ጥቁር ሁልጊዜ ትንሽ ግራጫ ነው። ከኤልሲዲዎች መካከል አይፒኤስ የሚባለው ብሩሁ ከጥቁሩ ወደ 1,000 እጥፍ ያህል ይበልጣል፤ ቪኤ የሚባለው 3,000 እጥፍና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ኦሌድ ግን ከጀርባው መብራት የለውም፤ እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ ያበራል፣ ራሱ ይጠፋል። በጨለማ ክፍል ውስጥ ጥቁሩ እውነተኛ ጥቁር ነው፤ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው።

ጥቁሩን ለመፈተን ማታ መብራት አጥፉና የሌሊት ትዕይንት ያለበት ፊልም ክፈቱ። ሰውየው የለበሰው ጥቁር ካፖርት ኮሌታው፣ ኪሱ፣ እጥፋቱ ይለያል ወይ? ሁሉም አንድ ጥቁር ጉድጓድ ከሆነ “ብራይትነስ” የሚለውን ጥቂት ከፍ አድርጉ። ጨለማው ጭስ የገባበት መስሎ ግራጫ ከሆነ ዝቅ አድርጉ። የዚህን ቁልፍ ሥራ ብዙ ሰው አያውቀውም። “ብራይትነስ” በአብዛኛው ቴሌቪዥን ላይ የሚያስተካክለው ጥቁሩን ነው። የምስሉን ጠቅላላ ብርሃን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው “ባክላይት” የሚለው ነው።

ሦስተኛውና ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው የፊት ቀለም ነው። እዚህ ላይ ከሩቅ አገር አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ኮዳክ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የቀለም መመዘኛ ካርድ ይልክ ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ነበረች፤ በመጀመሪያዋ ሴት ስም “የሸርሊ ካርድ” ተባለ። የሸርሊ ፊት ካማረ ፎቶው ጥሩ ታጠበ ይባል ነበር። ጥቁር ፊት ግን በዚያ ሚዛን ዝርዝሩ ጠፍቶ ጥላ ብቻ ሆኖ ይወጣ ነበር። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮት ይህን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት አስረድታለች። ለውጡ የመጣበት አንዱ ምክንያትም አስተማሪ ነው፤ ቸኮላት ሠሪዎችና የእንጨት ዕቃ ሻጮች የቡናማ ዓይነቶቻቸው በፎቶ ላይ አልለይ ስላሉባቸው ቅሬታ አቅርበው ነበር።

ይህን የማነሣው ለወቀሳ አይደለም። ሚዛኑ ላይ የማን ፊት እንደተቀመጠ ውጤቱን እንደሚወስን ላሳያችሁ ነው። ቴሌቪዥናችንን ስንመዝን በሚዛኑ ላይ የእኛ ፊት ይቀመጥ። ጠይም አለ፣ ቀይ ዳማ አለ፣ ጥቁር አለ፣ የቀይ ዳማም ብዙ ዓይነት አለው። ጥሩ ቴሌቪዥን እነዚህን ለያይቶ ያሳያል። ግንባሩ ላይ ፀሐይ ሲያርፍ ወዙ ይታያል፤ ጉንጩ ወደ ጥላ ሲገባ ቀስ እያለ ይጨልማል እንጂ በአንድ ጊዜ አይጠፋም። የእህትማማቾች ፊት በአንድ ቀለም ተለቅልቆ ከታያችሁ፣ ወይም ሁሉም ብርቱካን ከመሰለ፣ ያ ምስል ዋሽቷችኋል።

ቅጠልም እንዲሁ ነው። የእኛ ማንጎ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ የመስኖ ሽንኩርት ቅጠል ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ያልደረሰ ጤፍ ብሩህ አረንጓዴ ነው። ሦስቱንም በአንድ የፕላስቲክ አረንጓዴ የሚያሳይ ቴሌቪዥን፣ ምን ቢያምር፣ ማሳ አላሳየም።

አራተኛው እንቅስቃሴ ነው። ለዚህ የሰርግ እስክስታ ክፈቱ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ጥለቱ ጭራ እያበጀ ይከተላል ወይስ ጥርት ብሎ ይቆማል? ኳስም እንዲሁ ነው፤ ኳሷ ስትበር ከኋላዋ ጥላ ትጎትታለች ወይ? አንዳንዱ ቴሌቪዥን ይህን ለመሸፈን በሁለት ምስሎች መካከል ራሱ የፈጠረውን ሦስተኛ ምስል ይሰካል። ለኳስ በትንሹ ሊጠቅም ይችላል። ፊልም ግን በሴኮንድ 24 ምስል ሆኖ ነው የሚቀረጸው፤ በመካከሉ የሌለ ምስል ሲሰካበት ውብ ፊልም የቀን ተከታታይ ድራማ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ተዋናዩ ቶም ክሩዝና ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ማኳሪ ተመልካቾች ይህን ማስተካከያ እንዲያጠፉ በቪዲዮ ተማጽነው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት “ፊልምሜከር ሞድ” የሚባለው ማስተካከያ ይፋ ሆነ። ፊልም ሠሪ እንደዚህ የሚለምነው ሥራው በእኛ ቤት እንደተሠራ እንዲታይለት ነው።

አምስተኛው ሱቅ ውስጥ በመጀመሪያ የሚነገራችሁ፣ እኔ ግን በመጨረሻ ያስቀመጥኩት የነጥብ ብዛት ነው። ፉል ኤችዲ የሚባለው 1,920 በ1,080 ነጥብ፣ በድምሩ ከ2 ሚሊዮን ትንሽ ይበልጣል። 4ኬ የሚባለው 3,840 በ2,160፣ ከ8 ሚሊዮን በላይ ነው። አራት እጥፍ መሆኑ እውነት ነው። ጥያቄው ከተቀመጥንበት ቦታ ልዩነቱ ይታየናል ወይ ነው። 43 ኢንች ቴሌቪዥን ከጥግ እስከ ጥግ 109 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ጤነኛ ዓይን ያለው ሰው ከ1.7 ሜትር አልፎ ከተቀመጠ የፉል ኤችዲን ነጥቦች እንኳ ነጣጥሎ ማየት አይችልም፤ የ4ኬ ትርፍ ነጥቦች ለዓይኑ የሉም ማለት ነው። ሳሎናችን ውስጥ ወንበሩ ከወዲያኛው ግድግዳ ተጠግቶ 3 ሜትር ላይ ከሆነ፣ ለ4ኬ የከፈልነው ትርፍ ዝርዝር ወደ ዓይናችን አልደረሰም። ለ55 ኢንች ያ ወሰን 2.2 ሜትር አካባቢ ነው። ሜትር ይዛችሁ ቤታችሁን ለኩ፤ ወንበሩን ማቅረብ ገንዘብ አያስወጣም።

ካርቶኑንም በጥንቃቄ አንብቡ። ብዙ 32 ኢንች ቴሌቪዥኖች ነጥባቸው 1,366 በ768 ብቻ ነው። “4ኬ ይቀበላል” ማለትና “ስክሪኑ 4ኬ ነው” ማለት የተለያዩ ናቸው። “ኤችዲአር” የሚለውም፣ ማለትም ከተለመደው የሰፋ የብርሃንና የጨለማ ልዩነት የሚይዘው ምስል፣ እንዲሁ ነው። የኤችዲአር ፊልም ብዙውን ጊዜ የሚቀናበረው ኒት በሚባለው የብርሃን መለኪያ እስከ 1,000 የሚደርስ ብርሃንን ታሳቢ አድርጎ ነው፤ ርካሽ ቴሌቪዥን ብዙ ጊዜ ከ300 አካባቢ አያልፍም። ምልክቱን ይቀበላል፤ ብርሃኑን ግን ማውጣት አይችልም።

አሁን ስለ አገራችን ብርሃን ልናገር፤ ምስል የሚመዘነው በሚታይበት ብርሃን ውስጥ ነውና። ከተማችን ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በምዕራብ በኩል ከ3,000 ሜትር በላይ የሚደርሰው የጣርማ በር ገደል ከበላያችን ቆሟል። ቀን ፀሐያችን ኃይለኛ ናት፤ ሙቀቱም በርና መስኮት ያስከፍታል። ወደ ማምሻው ደግሞ ተራራው ፀሐይዋን ቀድሞ ይጋርዳታል። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ብርሃን አለ፤ የቀኑና የማታው።

ቀን በተከፈተ በር የገባው ብርሃን ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ ጥቁሩ ሁሉ ግራጫ ይሆናል። የትኛውም ቴሌቪዥን ጥቁሩ ስክሪኑ ከሚያንጸባርቀው የክፍል ብርሃን በታች ሊጨልም አይችልም። እጅግ ውዱ ኦሌድ እንኳ በር ፊት ለፊት ከተሰቀለ የተከፈለበትን ጥቁር ያጣል። ስለዚህ ቴሌቪዥኑን በር ወይም መስኮት ፊት ለፊት አትስቀሉት፤ መስኮቱ በጎኑ ይሁን። ወፍራም መጋረጃ ግዙ። እኔ በብዙ ቤት እንዳየሁት ከአንድ መጋረጃ የበለጠ ምስል የሚያሻሽል ዕቃ የለም። የምስል ሞዱንም ሁለት አድርጉ፤ ለቀን ባክላይቱ ከፍ ያለ፣ ለማታ ዝቅ ያለ፤ ቀለሙ ግን ሁለቱም ላይ “ዋርም” ይሁን።

ኳስ የምታሳዩ የቡና ቤትና የዲኤስቲቪ ቤት ባለቤቶች ይህ እናንተን በብርቱ ይመለከታል። የእንግሊዝ የቀን ጨዋታ በክረምታቸው እኛ ጋ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል፤ ያኔ ፀሐያችን ገና ትነድዳለች። ደንበኞቻችሁ ደግሞ አግዳሚ ላይ ከግራ ከቀኝ ተደርድረው ነው የሚያዩት። ቪኤ ስክሪን ከፊት ለፊት ጥቁሩ ጥሩ ነው፤ ከጎን ሲታይ ግን ቀለሙ ይነጣል። ለእንደዚህ ያለ ቤት አይፒኤስ ይሻላል፤ ጥግ የተቀመጠውም ሰው የማሊያውን ቀለም ያያል። ማታ ከቤተሰቡ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ለሚያይ ሰው ግን ቪኤ ይመረጣል። ከመግዛታችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ወደ ጎን ሦስት አራት እርምጃ ሂዱና እዩት፤ ወዲያው ትለዩታላችሁ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ምስሉ አሁንም ካልጠራ ጥፋቱን ቴሌቪዥኑ ላይ ከመጣላችሁ በፊት ምንጩን መርምሩ። ውኃ የደፈረሰው ከምንጩ ከሆነ እንስራ መለወጥ አይረዳም። በብዙ ቤት አዲስ ፍላት ቴሌቪዥን ከሪሲቨሩ ጋር የተገናኘው ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ጫፍ ባለው የኤቪ ገመድ ነው። ያ ቢጫ ገመድ ኤችዲ ምስል ማሳለፍ አይችልም። ሪሲቨሩ ኤችዲኤምአይ ካለው ቢጫውን ነቅላችሁ ኤችዲኤምአዩን ሰኩ። ያን ጊዜ ምስሉ ሌላ ቴሌቪዥን የተገዛ ያህል ይለወጣል።

ስርጭቱም ራሱ ይለያያል። ስታንዳርድ በሚባለው ጥራት የሚላክ ጣቢያ 720 በ576 ነጥብ ነው የሚያመጣው። ለ4ኬ ስክሪን ይህ ከ20 አንድ እጅ ብቻ ነው፤ የቀሩትን 19 ቴሌቪዥኑ በግምት ይሞላል። ትልቅ ቴሌቪዥን ገዝታችሁ ዜናው የደበዘዘባችሁ ከዚህ የተነሣ ነው። የጣቢያውን ኤችዲ ቻናል ፈልጉ። ብዙ ሕዝብ ሲንቀሳቀስ ምስሉ አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ የሚመስለው ደግሞ ስርጭቱ ከመጠን በላይ ስለታመቀ ነው፤ እሱንም የትኛውም ውድ ቴሌቪዥን አይፈውሰውም።

ስለ ዲሹ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ የአገራችን ጣቢያዎች ከናይልሳት ሳተላይት ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ ወደ ምዕራብ ያይ የነበረው ሰሃን ወደ ምሥራቅ፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ወዳለው ሳተላይት ዞረ። ዲሹ በትክክል ካልዞረ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ይቆማል፣ ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ዲጂታል ስርጭት ግን በዲሽ ምክንያት ቀለሙ አይደበዝዝም፣ አይነጣም። ስለዚህ ፊት ሰማያዊ ሆነ ብላችሁ የዲሽ ሠራተኛ ጣሪያ ላይ አታውጡ። ፊቱ ወደ ጎን ከሰፋ ደግሞ አሮጌው አራት በሦስት ምስል ለአዲሱ ሰፊ ስክሪን ተለጥጦ ነው፤ በሲሶ ይሰፋል። የሰዎቹ ውፍረት የእውነት አይደለም፤ የምስሉን ስፋት ከሪሞቱ መልሱት።

“ሻርፕነስ” የሚባለውንም ዝቅ አድርጉት። የፊት ጠርዝ ላይ ነጭ ክር ከታያችሁ እሱ ነው። ጥራት የሚጨምር ይመስላል፤ የሚሠራው ግን ያልነበረ መስመር መሳል ነው።

እንግዲህ ከዚህ ወጥታችሁ ቴሌቪዥን ልትገዙ ብትሄዱ ምን ታደርጋላችሁ? በፍላሽ የራሳችሁን ቪዲዮ ይዛችሁ ሂዱ። እናታችሁን ወይም አባታችሁን ነጠላ፣ ጋቢ ወይም ጀለቢያ ለብሰው፣ ግማሽ ፊታቸው ፀሐይ ግማሹ ጥላ ሆኖ፣ ከኋላቸው የማንጎ ዛፍ ታይቶ በስልካችሁ ቅረጿቸው። ፊት የሚያለሰልሰውን የስልኩን ማስተካከያ አጥፉት። በሱቁ ያንን አስከፍቱ፤ ሞዱን “ሙቪ” ላይ አስደርጉ፤ ከተቻለ በላዩ ያለውን መብራት አስጠፉ። ከዚያ በገዛ ዓይናችሁ ፍረዱ። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ ልብ በትክክል እንዲፈርድ ግን ዓይን የሚያውቀውን ነገር ማየት አለበት።

ለእናንተ ለሻጮችም አንድ ልመና አለኝ። ከደረደራችኋቸው መካከል ቢያንስ አንዱን በትክክለኛው ሞድ አብሩት፤ ለጠየቀም ልዩነቱን አሳዩት። ጤፍ ሻጭ ከጆንያው ሥር ዘግኖ ሲያሳይ ደንበኛ ያፈራል እንጂ አይከስርም። ለተማራችሁ ወጣቶችም እላለሁ፤ በየቤቱ የእናቶቻችሁን ቴሌቪዥን የምታበሩት እናንተ ናችሁ። አንድ ምሽት ተቀምጣችሁ አስተካክሉላቸው።

ወደ እናቴ ልመለስ። የሰርጉ ቪዲዮ በተከፈተበት በዚያ ምሽት ሪሞቱን ይዤ ሜኑውን አንድ በአንድ መረመርኩ። ሞዱን ለወጥኩ፤ የነጩን ሙቀት ለወጥኩ፤ ሻርፕነሱን ዝቅ አደረግሁ፤ የበሩን መጋረጃ ዘጋሁ። ቪዲዮውን ከመጀመሪያው መለስኩት። ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ እናቴ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ አየቻትና “አሁን እሷን መሰለች” አለች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቁጥር አንብቤያለሁ፤ ከዚያ ፍርድ የሚሻል መመዘኛ ግን አላገኘሁም። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ የምታውቁትን አንድ ፊት ክፈቱ፣ ሞዱን ለውጡ፣ መጋረጃውን ሳቡ፣ ከዚያም የቤቱን ትልቅ ሰው “ማንን መሰለች?” ብላችሁ ጠይቁ።